ከሐዋሳ የተከፈተ ክር፦ ሐይቅና ተራራ የወደዱ አክስት የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፍ?

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የተጀመረውን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈተችው አንዲት የሐዋሳ ልጅ ናት። አክስቷ አምና አርፈዋል፤ ሙት ዓመታቸው ሊደርስ ሁለት ወር ግድም ቀርቶታል። በሙያቸው ነርስ ነበሩ። ሰፈር የሚያውቃቸው ግን ጎህ ሲቀድ በጀልባ ሐይቅ የሚገቡ፣ በዘንግና በመንጠቆ ቆሮሶ የሚያወጡ፣ የዓመት ፈቃዳቸው ሲደርስ ድንኳን አዝለው ወደ ባሌ የሚወጡ ሴት ሆነው ነው። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግማሽ ገጽ ነው፦ ከእነማን ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ የት አገለገሉ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው መቼ አረፉ። ሐይቁ የለበትም፤ ተራራውም የለበትም። ልጅቷን የቆጫት ይህ ነው።

እጇ ላይ የቀረውን ዘርዝራለች፦ ሁለት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፎቶ፣ በፖስታ የታሸጉ ኔጌቲቮች፣ አራት ካሴት፣ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ደብተር፣ የተራራ ጫማና ድንኳን። ጥያቄዋ ሁለት ነው። ከዚህ ተነስታ ለሙት ዓመቱ የምትታደል ትንሽ መጽሐፍ እንዴት ታዘጋጅ? ፎቶዎቹስ የት የት እንደተነሱ በምን ይታወቃል? ነፍስ ይማር፣ ያጽናሽ ብቻ የሚሉትን ሳልቆጥር ክሩ 28 መልስ ደርሶታል። በተራቸው ላስኪዳቸው።

1ኛው መልስ ከሁሉ በፊት ቆርቆሮዎቹን አትበትኚ ይላል። ሰው ፎቶ ሲያስቀምጥ የአንድ ጉዞውን አብሮ ስለሚያስቀምጥ፣ የተደራረቡበት ተራ ራሱ ማስረጃ ነው። አንዱ ፎቶ የት እንደተነሳ ከታወቀ ከላዩና ከሥሩ ያሉት አብረው ይታወቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ስታወጣ ቁጥር ትስጠው፤ ቁጥሩን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ሳትጫን ትጻፈው። እስክሪብቶ በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ጠባሳ ያወጣል፤ ቀለሙም ቀጥሎ የተደረበውን ፎቶ ይነካል። በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ በቶሎ ሊሠራበት የሚገባው ምክር ይኸው ነው፤ የተበተነ ተራ አይመለስምና።

2ኛው የስካን ነገር ነው። የታተመ ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ ይበቃዋል። ጉርድ ፎቶና ከዚያ የሚያንስ ሁሉ 1200 ይሁን፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሊጎላ ይችላልና። የ35 ሚሊሜትር ኔጌቲቭ 3200 አካባቢ ይፈልጋል፤ ለዚያም ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው ስካነር ያስፈልጋል። ተራ የቢሮ ስካነር ላይ ኔጌቲቭ ቢያስቀምጡ ጥቁር ሸርጥ ብቻ ነው የሚወጣው። ዋናው ቅጂ ጥራቱን በሚጠብቀው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ፣ ይቀመጥ፤ ለመላላኪያ የሚሆነው በሚጨመቀው፣ በጄፔግ፣ ይውጣ። 3ኛው ስካነር ለማታገኝበት ጊዜ የስልኩን ዘዴ ጨምሯል፦ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ፎቶውን ጥቁር ወረቀት ላይ አስተኝቶ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ ማንሳት። ስልኩ ትንሽ ካዘነበለ አራት ማዕዘኑ ይንጋደዳል፤ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ከሆነ ደግሞ የሚያነሳው ሰው ነጭ ሸሚዝ ጭምር ይታይበታል።

4ኛው እርማት ነው። ልጅቷ ዘመዶቿ ያላቸውን ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ እንዲልኩላት ልትጠይቅ እንደሆነ ጽፋ ነበር። መልሱ ቴሌግራም በተራው መንገድ የተላከን ፎቶ ስለሚጨምቀው፣ ዘመድ ሁሉ በፋይል መልክ እንዲልክ ንገሪ የሚል ነው፤ አለበለዚያ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የታየው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ይደበዝዛል። 5ኛው አጭር ነው፤ ብዙ ቤት ግን ይመለከተዋል። ግድግዳ ላይ የኖረ ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ከተገኘ አይላጥ። እርጥበት ያጣበቀው ምስሉን የያዘውን ስስ ሽፋን ራሱን ነው፤ ሲላጥ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንደተጣበቀ በመስታወቱ አሳልፎ ማንሳት ነው። ሙጫ ባለው አልበም ላይ የተለጠፈ ከሆነ ግን ቀጭን የስፌት ክር ከፎቶው ሥር አስገብቶ ቀስ እያሉ መሳብ ያላቅቀዋል።

6ኛው ላይ ድምፀቱ ይለወጣል። ጸሐፊው ለአንዲት የተከበሩ ሴት መታሰቢያ ዓሣ ማጥመድና ተራራ ለተራራ መዞር ማንሳት ክብራቸውን ይቀንሳል፣ ቤተሰቡም ይከፋል፤ አገልግሎታቸውና ደግነታቸው ይጻፍ ይላል። 7ኛው አልማረውም። አክስትየዋ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ የኖሩትን ኑሮ ከሞቱ በኋላ መደበቅ ነው ውርደት የሚሆነው፤ ወንድ አጎት ቢሆኑ ኖሮ ይህ ጥያቄ ይነሳ ነበር ወይ ሲል ጠንከር አድርጎ ይጠይቃል። እኔም ከ7ኛው ጋር ነኝ፤ ቃሉ ግን ለስለስ ሊል ይችል ነበር።

ነገሩን ያበረዱት የ8ኛው መልስ ጸሐፊ ናቸው፤ ልጄ እያሉ ስለሚጽፉ ዕድሜ ጠገብ ይመስላሉ። የቀብሩ የሕይወት ታሪክ ቤተሰቡ ሳይተኛ፣ በአንድ ሌሊት፣ እያለቀሰ የሚጽፈው ስለሆነ ከተለመደው ቅርጽ ሊወጣ አይችልም፤ ለዚያ ማንም አይወቀስም ይላሉ። ሙት ዓመት ግን ጊዜ ሰጥቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ የተናገሩት የክሩ እምብርት ሆኗል፦ ሩኅሩኅ ነበሩ፣ ደፋር ነበሩ፣ ተፈጥሮ ይወዱ ነበር የሚል ቃል የማንም ሰው መታሰቢያ ላይ ሊገባ ስለሚችል የማንም አይደለም። የእርሳቸው የሚሆነው ያወቁት ነገር ነው። ሐይቁ ላይ ነፋስ ሊነሳ ሲል በምን ያውቁ ነበር? መንጠቆው ላይ ምን ይሰኩ ነበር? ድንኳን ሲተክሉ በሩን ወዴት ያዞሩ ነበር? ስንቃቸው በሶ ነበር ወይስ ቆሎ፣ ለስንት ቀን ስንት ኪሎ ይይዙ ነበር? ለጠያቂዋ የሰጧት መመሪያም ከዚሁ ይነሳል፦ ሽማግሌዎቹን እንዴት ያለች ሰው ነበረች ብለሽ አትጠይቂ፤ ምስጋና ብቻ ነው የምትሰሚው። ጫማዋን አሳይተሽ በዚህ የት ደረሰች ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ቦታ፣ ወቅትና የሰው ስም ይዞ ይመጣል።

9ኛው የቀረጻውን ሥራ አስተካክሏል። ስልኩ ከተናጋሪው አፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ጠረጴዛው ሲነካ ሁሉ ይጮኻል። መሐል ላይ ጥሪ ገብቶ እንዳያቋርጠው የአውሮፕላን ምልክቷ ትጫን። ቡና ካለ ቡናው ተወቅጦ እስኪያበቃ ቀረጻው አይጀመር፤ ሙቀጫ ቀርቶ የስኒ ኳኳታ እንኳ ቃል ይውጣል። ፍሪጅ ካለበት ክፍል ይራቅ። ከ40 ደቂቃ በላይ አንድን አዛውንት አለማድከም፤ ይልቅ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል፤ በመካከሉ የተረሳው ትዝ ይላቸዋልና። ቀረጻው ሲጀመር የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና ቦታው በድምፅ ይነገር። ይህ ካልተደረገ ከዓመታት በኋላ ፋይሉ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

ከ10ኛው እስከ 15ኛው የፎቶዎቹ ነገር ነው፤ ክሩ የበለጠ የሚጥመውም እዚህ ነው። ልጅቷ የአንዱን ፎቶ ይዘት ገልጻለች፦ አክስቷ ጉም የከበበው ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ራቅ ብሎ ቀንድ የሌላት ትልቅ፣ ግራጫ ቡናማ አጋዘን አለች፤ ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ ቤተሰቡ ከጀርባው ሰሜን ተራሮች ብሎ ጽፏል። 10ኛው የቤተሰቡን ጽሑፍ እንዳለ ተቀብሎ ዋልያ ትሆናለች አለ። 11ኛው አረመው። ዋልያ ከፍየል ወገን ነው፤ ሴቷም ቀንድ አላት፤ የምትኖረውም ገደል ላይ ነው። የተገለጸችው የደጋ አጋዘን፣ ማለትም ኒያላ፣ ሴቷ ናት፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። የደጋ አጋዘን ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባለው ደጋ፣ በባሌና በአርሲ በኩል እንጂ በሰሜን ተራሮች የለችም። ስለዚህ ቦታው ሰሜን ሊሆን አይችልም። በዙሪያው ጥድና ኮሶ ካለ ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት አካባቢ፣ ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ እዚያ አጋዘኖቹ ሰው ስለለመዱ በቅርብ ርቀት ይነሳሉ።

12ኛው ይህን ተመርኩዞ ለፎቶ መለያ የሚሆኑ ምልክቶችን ደርድሯል። ጭላዳ የሚታይበት ፎቶ የባሌ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ግን አያስረዳም፤ በባሌም፣ በሰሜንም፣ በመንዝ ጓሳም አለ። ቀበሮው ሥር ትልቅ ፍልፈል ከታየ ያ ባሌ ነው፤ ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ውጪ አይገኝም። ጅብራ ገላጣ ሜዳ ላይ ከቆመ ከፍታው አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራው ጠፍጣፋና ድንጋያማ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ትናንሽ ኩሬዎችም ካሉ በባሌ አናት ያለው የሳነቴ ሜዳ ነው፤ ከጀርባው ጥልቅ ገደል ከተዘረጋ ደግሞ ሰሜን። የአስታ ቁጥቋጦ የሞላበት ፎቶ ከጫካው በላይ፣ ከሳነቴው ሜዳ በታች ያለው ቀበቶ ነው። አያይዞም የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር መሆኑን፣ ባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ጠቅሷል። ፎቶ እንዲህ ሲነበብ ማየት ደስ ይላል፤ አንዲት የጅብራ ግንድ የከፍታ መለኪያ ስትሆን።

13ኛው ወደ ቀኑ ገባ። አንዳንዶቹ ፎቶዎች ጥግ ላይ በብርቱካንማ ቁጥር 94 1 20 ዓይነት ጽሑፍ አላቸው። ይህን በእኛ ለመመለስ 8 መቀነስ ነው ሲል ጻፈ። 14ኛው ግማሹ ልክ ነው ብሎ ቀጠለ፦ ከጥር አንድ እንደ ፈረንጆቹ እስከ እኛ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ድረስ ላለው 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ለሚውለው ግን 7 ነው። ስለዚህ 94 1 20 በፈረንጅ 1994 ጥር 20 ከሆነ፣ በእኛ ጥር 12 ቀን 1986 ይሆናል፤ የጥምቀት ማግስት። ፎቶው ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መኖሩ ይህን ይደግፋል። ሁለት ማስጠንቀቂያም አስከትሏል። አንዳንዱ ካሜራ ዓመቱን ፊት፣ አንዳንዱ ቀኑን ወይም ወሩን ፊት ያትማል፤ ከ12 በላይ የሆነ ቁጥር ያለበትን አንድ ፎቶ ከዚያው ጥቅል ፈልጎ ተራውን ማወቅ ይቻላል። ባትሪ ሲቀየር ቀኑ ወደ መነሻው ስለሚመለስም፣ ጥቅሉ በሙሉ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የተነሳ ከመሰለ አይታመን። ደብተሩ ላይ 12 ሰዓት የሚለው ደግሞ በእኛ ሰዓት ስለሆነ፣ ካሜራው ሰዓት ካተመ ስድስቱን ሰዓት ማስተካከል ይገባል።

15ኛው የሐይቁን ፎቶዎች ይመለከታል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት የለም። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ስለዚህ ይሞላል፤ በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ እጅግ ሞልቶ ነበር። ዛፎች ውኃ ውስጥ ቆመው የሚታዩበት ፎቶ ካለ ወደዚያ ዘመን ይጠጋል። ከተማውን ከውኃው ለመከላከል የተሠራው ግድብ የሚታይበትና የማይታይበትም ዘመናቸው ይለያያል። ቦታውን ለማግኘት ፎቶውን ይዞ ዳር ለዳር መሄድ ነው፦ የታቦር ተራራ ለውኃው ይቀርባል፣ የአላሙራ ተራራ በስተደቡብ ራቅ ብሎ ይነሳል፤ ሁለቱ ፎቶው ላይ በተደራረቡበት መጠን እስኪደራረቡ ድረስ መራመድ። ሲገጥሙ ፎቶ አንሺው የቆመበት መስመር ላይ ነሽ። ከሐይቁ ዳር ሰፈሮች ከአሞራ ገደል ተነስቶ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ በኩል መሞከሩን ይመክራል።

16ኛው ካሴቶቹን በቴፕ አጫውቶ ስልክ አጠገቡ አስቀምጦ መቅዳት ይበቃል አለ፤ 17ኛው በቁጣ ነው የመለሰው። አራት ካሴት የአንድን ሰው ድምፅ ይዞ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ ከሌለው፣ በር ሲዘጋ የሚሰማበት ቅጂ ማውጣት ግዴለሽነት ነው ይላል። ቁጣው ለሥራው ካለው አክብሮት የመጣ መሆኑ ከዝርዝሩ ይታያል። ካሴቱ ከመጫወቱ በፊት በብርሃን ይታይ፤ ከካሴቱ ክር በስተጀርባ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይደፈናል፣ ከሌላ ካሴት ወስዶ መተካት ይቻላል። የካሴቱ ክር ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ በፍጹም አይጫወት። ደህና ከሆነ እስከ ዳር አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ይጠቅለል፤ ለዓመታት ተጣብቆ የኖረው ይላቀቃል። የቴፑ ራስና የጎማ ተሽከርካሪው በአልኮልና በጥጥ ይጠረጉ፤ ያልተጠረገ ጎማ ክር ይበላል። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ ይያያዝ፤ የብዙ ላፕቶፖች ቀዳዳ ለማይክራፎን ስለሆነ ድምፁን ያፈርጠዋል፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ማስገቢያ ይገዛ። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም፣ ድምፁን በማይጨምቀው የፋይል ዓይነት በዌቭ፣ በ44,100 ኸርዝና በ16 ቢት ይቀዳ። አንድ ደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይይዛል፤ የ60 ደቂቃው ካሴት ከ600 ብዙም አይርቅም። መለኪያው ቀዩ ላይ እንዳይደርስ ድምፁ ዝቅ ይበል፤ የጎረነነ ቀረጻ በኋላ አይጠገንም። ከተቀዳ በኋላ የካሴቷ የጀርባ ጥርሶች ይሰበሩ፤ ማንም በስህተት ላይዋ እንዳይቀዳባት።

18ኛው የደበዘዙትን ፊቶች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጥራትና ቀለም መስጠት ይቻላል ብሎ መተግበሪያዎችን ጠቆመ። 19ኛው ይህን አጥብቆ ተቃውሟል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። መሣሪያው ያልታየውን አይን ከሌላ ሺህ ሰው አይን ገምቶ ነው የሚሥለው፤ የሚወጣው ጥርት ያለ ፊት የሌላ ሰው ፊት ነው። የማያውቋቸው የልጅ ልጆች ያንን አክስታችን ብለው ይይዛሉ። ብርሃንና ጥላ ማስተካከል፣ ጭረት መሸፈን ይበቃል፤ ዋናው ስካን ሳይነካ ይቀመጥ፤ ኔጌቲቩም ስካን ሆኗል ተብሎ አይጣል። ቅጂው ሦስት ቦታ ይሁን፤ አንዱ ከቤቱ ውጪ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም።

20ኛው ወደ ሌላ ጉዳይ ወሰደን። ልጅቷ በመሐል፣ ለሙት ዓመቱ የአክስቷን ጫማ አድርጋ ሳነቴ ልትወጣ እንዳሰበች ጽፋ ነበር። መልሱ አታድርጊው ነው። የድሮ የተራራ ጫማ የሶሉ መሐል ከፖሊዩሬታን የተሠራ ከሆነ፣ ሳይለበስ እንኳ በአየሩ እርጥበት እየበሰበሰ ይቆያል። ከውጪ አዲስ ይመስላል፤ ጥቂት እንደተራመዱበት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፣ ሶሉም ተገንጥሎ ይቀራል። አውራ ጣትን ጎኑ ላይ ጫን ማድረግ ነው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣበቀ አብቅቷል። ወረቀት ተሞልቶበት ይቀመጥ፣ ፎቶ ይነሳ፣ የተለበሰው ተረከዝ የትኛው ወገን እንደተበላ ይመዝገብ። ድንኳኑም እንደዚያው ነው፦ የውስጥ ሽፋኑ ከተጣበቀና ከሸተተ ውኃ አያግድም፤ በጥብቅ ታጥፎ ሳይሆን ላላ ብሎ ይቀመጥ።

21ኛው የጉዞውን ከፍታ አነሳ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ግድም ናት፤ ሳነቴ ከ4,000 በላይ። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ በአንድ ቀን ወጥቶ ሜዳው ላይ ማደር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። መጀመሪያ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ዲንሾ አንድ ሁለት ሌሊት ማደር፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ውኃ በብዛት መጠጣት፤ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ እግር መንገዳገድ ወይም ተኝቶ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳይነጋ መውረድ። አብረው ሊሄዱ ያሰቡ የልብ ሕመም ያለባቸው ዘመዶች ካሉ ታቦር ላይ ቢያስቡዋቸው ይበቃል፤ አክስትየዋ ታቦርንም ይወጡ ነበርና ከመታሰቢያው አይጎድልም።

22ኛው ታቦር የሚለውን ይዞ እዚያ ስማቸው የተቀረጸ ድንጋይ ይቁም አለ። 23ኛው ድንጋይ ከተራራው ላይ ይብቃ፣ ዛፍ ይተከል፤ ተራራ ይወዱ ስለነበር ኮሶ ይሁን አለ። 24ኛው ሁለቱንም ገታ። ሕዝብ በሚወጣበት ቦታ ድንጋይም ችግኝም ያለ ፈቃድ አይተከልም። ኮሶ ደግሞ የከፍተኛው ደጋ ዛፍ ነው፤ ሐዋሳ ሙቀት ላይ ተክሎ ሲደርቅ ማየት ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሐዘን ነው። ለዚህ ከፍታ ዋንዛ ወይም ወይራ ይስማማል። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይቆፈር፤ የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጥና መጀመሪያ እሱ ይመለስ። በሐምሌ ዝናቡ አፈሩን ካራሰ በኋላ ይተከል፤ ነሐሴ ማለቂያ ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። የችግኙ ላስቲክ ይቀደድ፤ ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥር መስደድ ይቸግረዋል። ከፍየል ይታጠር። ዕድገቱ ላይ ጥያቄ ካለ ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ቅርብ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ተዝካር ክርክር ተነስቶ ነበር። 25ኛው ለድግስ የሚወጣው ገንዘብ ለሕትመት ይዋል ሲል፣ ሌሎች በቅንፍ ገብተው ሃይማኖት ነክ ቃል ተለዋወጡ። ቤተሰቡ ውስጥ ኦርቶዶክስም ጴንጤም እንዳለ ልጅቷ ራሷ ጽፋለች፤ ጉዳዩ የእነሱ ነው። ደግነቱ ክርክሩ አልሰፋም።

26ኛው ሕትመቱን በሚገባ አስረድቷል። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ኤ5 ይሆናል፤ ስለዚህ የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት፣ ካልሆነ ባዶ ገጽ ይገባል። እስከ 48 ገጽ ድረስ መሐሉ ላይ በስቴፕል ይያዛል፤ ከዚያ ከበለጠ ወረቀቱ ያብጣል፣ በሙጫ መጠረዝ ይሻላል። ውስጡ ከ80 እስከ 100 ግራም፣ ልባሱ 250 ግራም። ፎቶ በሚታተምበት መጠን 300 ነጥብ በኢንች ይኑረው። ጽሑፉ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ከተተየበ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይከፈታል፤ በየኮምፒውተሩ በሚነበበው አሠራር በዩኒኮድ፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ በተባሉት ፊደላት፣ ተተይቦ በፒዲኤፍ ይሂድ። መቶ ቅጂ ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ አስወጥቶ፣ ቤተሰቡን የማያውቅ ሰው ስሞቹንና ቀኖቹን ከደብተሩ ጋር እያስተያየ ያንብበው። የራስ ሰው የአክስቱን ስም ስህተት አያይም፤ አይኑ የሚያውቀውን ነው የሚያነበው።

27ኛው ስለ ደብተሩ ነው። ልጅቷ አንዱን ገጽ ገልጻ ነበር፦ በአራት ዓምድ የተሰመረ፣ ቀን፣ ነፋስ፣ የውኃው መልክ፣ የወጣው ዓሣ፤ አንዱ መስመር ላይ ከሰዓት ነፋስ፣ ውኃው አረንጓዴ፣ ቆሮሶ 7፣ አምባዛ 1፤ ጎን ላይ ደግሞ በጥቁር ውኃ አፍ በኩል ጉማሬ ስላለ ከፊላው፣ ማለትም ከውኃ ዳሩ ረጅም ሣር፣ እንዲራቅ የሚል ማስታወሻ። መልሱ ይህን አሳምረሽ ወደ ድርሰት አትለውጪው ይላል። እንዳለ፣ በዓምዱ፣ ከነአኅጽሮቱ ይታተም፤ ያልተነበበ ቃል ሲኖር ግምት ከመጻፍ የጥያቄ ምልክት ይደረግበት። ላሚኔት ይደረግ የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ሙቀቱና ሙጫው ስለማይመለስ ለደብተርም ለፎቶም አይሆንም። በደበዘዘው እርሳስ ላይ በእስክሪብቶ መድገምም እንደዚያው፤ እርሳስ ከእስክሪብቶ ይልቅ ዕድሜ አለው፣ ብርሃን ከጎን በኩል ሲበራበት ይነበባል። ይህ ገጽ ከመጽሐፉ መሐል ሁለት ሙሉ ገጽ ቢይዝ የሚበዛበት አይመስለኝም።

ልጅቷ መጨረሻ ላይ ተመልሳ፣ ከካሴቶቹ አንዱ በጀርባው በኩል አክስቷ ከአንዲት ባልቴት ጋር በሲዳምኛ ሲነጋገሩ እንደያዘ፣ እርሷ ቋንቋውን በደንብ እንደማትሰማ ጻፈች። 28ኛው ለዚህ የተሰጠ ነው። በቀጥታ ወደ አማርኛ አታስተርጉሚው ይላል፤ መጀመሪያ የቋንቋው ባለቤት የሆነ፣ በላቲን ፊደሉ መጻፍ የሚችል ሰው ቃል በቃል ይገልብጠው። በየመስመሩ መጀመሪያ ደቂቃና ሰከንድ ይጻፍ፤ ያልተሰማው ቦታ ክፍት ይተው። ከዚያ አማርኛው በቀኝ ዓምድ፣ ሲዳምኛው በግራ ይቀመጥ። የዓሣ፣ የተክልና የነፋስ ስሞች በሲዳምኛ የተጠሩት ሳይለወጡ ይቅሩ። የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ብቻ ስለቀረው፣ ከሁሉም በፊት ዛሬውኑ የሚጀመረው ይህ ካሴት ይሁን፤ ባልቴቷ በሕይወት ካሉም ቅጂውን ይዞ ሄዶ ማሰማት፣ የተደፈነውን ቃል እርሳቸው ይሞሉታል።